«አይታወቅም» ብዬ የጻፍኩት አባት

ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓቱ በሳምንቱ ቆመ። ባለቤቴ ዘሀራ «አንተም ቆመሃል፣ እሱም ቆሟል፤ ተስማሙ» ብላ ሳቀችብኝ። ሥራ የፈታ ሰው ሐሳብ ይበዛበታልና እኔም የጸሐፊነት ዘመኔን ስቆጥር እውላለሁ። ስንት ሰው ፊቴ ቆሞ እንደተናገረ፣ ስንቱን እንደጻፍኩ አላስታውሰውም። ሳልጽፍ የቀረሁት አንድ ነገር ግን ከጻፍኩት ሁሉ በልጦ ይታየኛል። የምነግራችሁ እሱን ነው።

ቢቸና አውራጃ ፍርድ ቤት ስመደብ ገና ለጋ ጎረምሳ ነበርኩ። የደሴ ልጅ ነኝ። ጎጃምን የማውቀው በወሬ ብቻ ነበር። ደመወዜን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ የጮቄ ተራራን ብርድ የሚመልስ ካፖርት ለመግዛት እንኳ ዓመት ፈጅቶብኛል። ክረምት ሲገባ ቀለሙ በቀለም ጠርሙሱ ውስጥ እየወፈረ ያስቸግረኝ ስለነበር ጠርሙሱን ብብቴ ሥር አሙቄ ነበር የምጽፈው።

የመጀመሪያው የችሎት ቀን ግን ብርዱን አስረሳኝ። ክርክሩ የርስት ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሰው መሬት የሚያርሰው ዘሩን ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ላይ ሲደርስ ነው። ባዶ እግሩን የቆመ፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ግራ እጁን ዘረጋና በአውራ ጣቱ የጣቶቹን አንጓዎች እየነካ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ወደ ላይ ወጣ። አንጓዎቹ አለቁ፤ ወደ ቀኝ እጁ ተሻገረ። እኔ ብዕሬን ይዤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ የአያቴን አባት ስም አላውቅም ነበር። ተከራካሪው ደግሞ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «አሥራ አንደኛው ላይ ወንድምዬውን ነው የጠራህ» አለው፤ ገበሬውም አሰብ አድርጎ «እውነትህን ነው» ብሎ አረመ። በጠላትነት የሚካሰሱ ሰዎች ስለ ሙታን እንዲህ ሲተራረሙ ሳይ ልቤ ተነካ።

ቆጠራው ለመሬት ብቻ አልነበረም። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። ስለዚህ ልጅ ለመዳር የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይቆጥራሉ። መቁጠር ያልቻለ መሬትም ትዳርም የለውም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ሃይማኖቴ የአጎትን ልጅ ማግባት አይከለክልም። ይህን ያወቁ የቢሮ ጓደኞቼ «ሰይድ እኮ ሚስት ፍለጋ ከግቢው አይወጣም» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ሹም መሪጌታ እንደሻው ናቸው። ቅኔ የተቀኙ፣ ቀጭን፣ ሳል የማይለያቸው ሰው ነበሩ። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «የደሴው» ነው የሚሉኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ምስክር ሲቀርብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀምጡታል፤ ወገኖቹ በከንፈር እንዳይጠቁሙት። መጀመሪያ ከራሱ ተነሥቶ ወደ ላይ እንዲቆጥር ያደርጉታል። ጻፍን ስንል «በል አሁን ከላይ ወደ ታች ውረድ» ይሉታል። በቃሉ ያጠና ሲወርድ ይሰናከላል፤ ዘሩን የሚያውቅ ግን እንደ ገዛ ቤቱ ደረጃ ይወርደዋል። ምስክሩ ትንፋሽ የሚወስድበትን ስም ልብ ይላሉ። «እዚያ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ወይ ጠብ ነው ወይ ሐዘን ነው» ይሉኝና ይጠይቁታል። ሁልጊዜም ወይ ጠብ ነው ወይ ሐዘን ነው።

ከሁሉ የከበደ ሕጋቸው ግን አንዲት ቃል እንዳንጽፍ መከልከላቸው ነበር።

«የደሴው፣ አይታወቅም የሚለው ቃል የፈጣሪ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፤ የጻፍኩትን ወረቀት እየመለሱልኝ። «አንተ ማለት የምትችለው አልጠየቅሁም ነው። ካልጠየቅህ መስመሩን ባዶ ተወው። ባዶውን የሚሞላው ሰው አንድ ቀን ይመጣል። አይታወቅም ብለህ ከዘጋኸው ግን ማን ይከፍተዋል?»

«እሺ መሪጌታ» አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በወጣበት ዓመት ነው፤ መሪጌታ ለሥራ ደብረ ማርቆስ ሄደው መዝገብ ቤቱ በእኔ እጅ ወደቀ። የገበያ ቀን ነበርና በረንዳው በሰው ተሞልቷል። አቶ ሙሉነህ የሚባል የጨው ነጋዴ ከሚስቱ ጋር ቀረበ። ልጅ አልሰጣቸውምና አንዲት ሕፃን በጉዲፈቻ ሊወስዱ ውል ያስጽፋሉ። ከኋላቸው ወላጅ እናቲቱ ብርቄ፣ ሁለት ዓመት የሚሆናትን ልጅ አዝላ ቆማለች። ሰው ቤት ጠላ በመጥመቅ የምታድር ድሃ ነበረች።

«የልጅቱ አባት?» አልኩ ቀና ሳልል።

«አባቷ አይታወቅም» አለ አቶ ሙሉነህ ፈጠን ብሎ።

ብርቄ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። አፏን ስትከፍት አይቻለሁ፤ ይህን አልክድም። ዳኛው ግን ከውስጥ «ፋይሉ የት ደረሰ?» እያሉ ይጣራሉ፣ በረንዳው ያጉረመርማል፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ። «በይ እቴ፣ እዚህ ላይ ጣትሽን አኑሪ» አልኳት። አውራ ጣቷን ይዤ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ተጫንኩት። ልጅቱን አውርዳ ሰጥታቸው ወጣች።

መሪጌታ ተመልሰው ፋይሉን አዩት። ቢሮ ስንዘጋ «ሴትዮዋ ምን አለች?» አሉኝ።

«ምንም አላለችም።»

«ጠይቀሃታል?»

በማግስቱ ፍለጋ ላኩኝ። ብርቄ ከምታድርበት ቤት ለቃ ሄዳለች፤ ወዴት እንደሄደች የሚነግረኝ አጣሁ። አቶ ሙሉነህም ብዙ ሳይቆይ ንግዱን ወደ ሞጣ አዛወረ። መሪጌታ «እንግዲህ የደሴው፣ የሰው ዕዳ አለብህ» ብለው ዳግም አላነሡትም። ቢያነሡት ይሻለኝ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳሉ በረታባቸውና አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ አለቀስኩ።

እኔም ወደ ሞጣ ተዛወርኩ፣ እድገትም አገኘሁ። ሞጣ የእኔ ሃይማኖት ሰዎች በብዛት ስላሉበት ተስማማኝ። ዘሀራንም ያገኘኋት እዚያ ነው፤ ከግቢዬ ውጭ መሆኗን ለቢቸና ጓደኞቼ ጽፌላቸዋለሁ። ከንጉሡ መውረድ በፊት በነበረው ዓመት፣ አንድ ጠዋት፣ አንዲት ኮረዳ በጨርቅ የጠቀለለችውን ወረቀት ይዛ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ወረቀቱን ዘረጋሁት። የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

«እናኑ እባላለሁ» አለች። «አሳዳጊዬ አቶ ሙሉነህ ናቸው። ሊድሩኝ ነው። ይታየው የሚባል ልጅ፣ የአቶ ቢተው የልጅ ልጅ፣ ሽማግሌ ልኮብኛል። ሽማግሌዎቹ ዘሯን ቁጠሩልን አሉ። በእናቴ በኩል አባባ ቆጠሩ፤ በአባቴ በኩል ግን ይኸው ይህ ነው ያለው። አባት የሌላትን እንዴት እንቁጠራት ብለው ተነሡ።»

«እና ምን ላድርግልሽ?»

«እኔማ ይህን የጻፈውን ሰው ነው የምፈልግ ጋሼ። እናቴን አይቷት ይሆናል። እኔ መልኳን አላውቀውም።»

ሌላ ሰው ነው ልላት እችል ነበር። ፊርማዬ ደብዛዛ ነው፤ ማን ያውቅብኛል? ግን ልጅቱ ወረቀቱን ስትመልስ የጠቀለለችበትን ጥንቃቄ አየሁ፤ ከእናቷ የቀራት የእናቷ ጣት አሻራ ብቻ ነበር።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «መልኳን አላየሁትም። ቀና አላልኩም ነበር። የማስታውሰው አውራ ጣቷን ነው። ጌሾ የጨረሰው ጣት ነበር፣ ጥፍሩ አጠገብ የተሰነጠቀ። ቀለሙ ሲነካው ሳያማት አልቀረም።»

የራሷን አውራ ጣት ዝቅ ብላ አየችው።

«ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር» አልኩ። «ያስቆምኳት እኔ ነኝ።»

«ምን ልትል ነበር?»

«አልጠየቅኋትም።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ታዲያ አሁን ማንን እንጠይቅ?» አለችኝ። «እንጠይቅ» ማለቷ አንጀቴን በላው።

የዚያኑ ቀን አቶ ሙሉነህ ቤት ሄድኩ። ሸብቷል። ነገሩን ስነግረው መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አባቷ መጥቶ እንዳይነጥቀን ፈርተን ነው» አለ። «ምስኪን፣ እናቷ ልትናገር ፈልጋ ነበር። ያዋለደቻት ሴት አለች፤ ወርቅነሽ። መንኩሳ ደብረ ወርቅ ናት አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ በደብረ ወርቅ ባለፍሁ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፍ።»

ፈቃድ ጠይቄ ከእሱና ከእናኑ ጋር ሦስታችን ወጣን። እስከ ጉንደ ወይን የእህል መኪና ላይ ተጫንን፤ ከዚያ ወዲያ በቅሎ ተከራየን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ እማሆይ ወርቅነሽ ከቅጥሩ ጥግ ካለች ጎጇቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ በሩ መጡ። እኔ ወደ ቅጥሩ አልገባሁም። አቶ ሙሉነህንም አንዴ አዩትና አለፉት። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ።

«አንተ ማን ነህ?»

«ጸሐፊው ነኝ እማሆይ፤ የቢቸናው።»

«አሃ። ጣቷን የያዝኸው።» መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። «ያን ለት ከእናንተ ወጥታ የመጣች እኔ ቤት ነው። ሳልናገር አስፈረሙኝ ብላ ስታለቅስ መሸ። በዓመቱ ነው የሞተች።»

«ይውቀሱኝ እማሆይ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን የልጅቱን አባት ቢነግሩኝ መዝገቡን…»

«ላንተ የምነግርህ የለኝም» አሉ፤ ቁጣ የለበትም። «ምጥ ላይ የተሰማ ቃል የልጁ ነው። የመዝገብም አይደለም፣ የሽማግሌም አይደለም። ልጄ በእግሯ መጥታ ከጠየቀችሽ ንገሪልኝ ብላኛለች። መጣሽ?»

«መጣሁ እማሆይ» አለች እናኑ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ ልጄ። ካወቁ በኋላ አለማወቅ የለም። ደስ የሚልም ቢሆን የሚጎዳም ቢሆን ተሸክመሽው ነው የምትኖሪ። ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ።»

እጇን ይዘው ወሰዷት። አቶ ሙሉነህና እኔ ከቅጥሩ ውጭ ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ ቆየን። እናኑ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በአውራ ጣቷ የግራ እጇን አንጓዎች አንድ በአንድ እየነካች ነበር።

በመንገድ ላይ አቶ ሙሉነህ ቀደም ብሎ ሲሄድ በቅሎዋን ወደ እኔ አስጠጋች።

«እናቴና አባቴ ሊጋቡ ነበር» አለችኝ። «ሽማግሌ ሳይልኩ ለብቻቸው ዘራቸውን ተቆጣጥረው፣ ሰባቱን ቤት ጨርሰው። አባቴ የሞጣ ነጋዴ ነው። ለመጨረሻ ንግድ ዓባይ ወረደና ንዳድ ይዞት እዚያው ቀረ። እኔ ሆዷ ውስጥ መሆኔን እንኳ አልሰማም። እናቴ ምጥ ሲይዛት ትሞታለች ብለው ነበር። ማርያም ማርያም ሲሉ እሷ ዝም በሉ ብላ የአባቴን ሰባት ቤት ቆጠረች። እማሆይ እስኪይዙት ድረስ ደጋገመችላቸው። ምጡ ሲመጣ ታቆማለች፤ ሲለቃት ካቆመችበት ትቀጥላለች። ልጄ ሳትቆጠር እንዳትቀር እያለች።»

በቅሎዬን አቆምኩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት ምን ልትል ነበር እያልኩ ስጠይቅ፣ ልታማርር ወይም ልትለምን ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። ሰባት ስም ነበር ልትለኝ የመጣችው። በዚያ ሁሉ ሕመም የያዘችውን እኔ በአንድ ቃል ዘጋሁባት። እንዲህ ያለ የሰው ጉልበት አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

ስሞቹን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። «ከላይ ወደ ታች ሞክሪው» አልኳት ብቻ። በልቧ ወረደች፤ አልተሰናከለችም።

ቆይታ «ጋሼ፣ አባቴ የሞጣ ሰው ከሆነ ከነይታየው ቢገጥምስ?» አለችኝ።

እኔም በዚያች ደቂቃ የማስበው ይህንኑ ነበር። ስሞቹን የሚያውቁት እሷና አንዲት አሮጊት መነኩሴ ብቻ ናቸው። የእኔ ሃይማኖት ቢሆን ምንም አልነበረም። «አላገኘሁም ብትያቸው የሚያውቅብሽ የለም። አቶ ሙሉነህ ይሁን እንዲሉ አማላጅ ይልክባቸው ይሆናል» አልኳት። የመሪጌታ ደቀ መዝሙር ይህን መናገሬ ያሳፍረኛል፤ ግን ልጅቱ ስታለቅስ ማየት ከበደኝ።

«ይታየውን እወደዋለሁ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ግን እናቴ ምጥ ላይ ሆና የቆጠረችልኝን እኔ ተደላድዬ ልዋጠው?»

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ አቶ ሙሉነህ ቤት ተሰበሰቡ። በአንዱ መደብ ላይ የይታየው ወገን ሞልቶ ተቀመጠ፤ መሐላቸው ሽማግሌው አቶ ቢተው፣ አጠገባቸው ይታየው። በዚህ በኩል ባለው መደብ ላይ አቶ ሙሉነህ፣ ሚስቱና እኔ ብቻ ነን። ለሴት ልጅ የሚቆጥርላት ወንድ ነው፤ ወጉ እንዲህ ነው። አቶ ሙሉነህ ግን «ራሷ ትቁጠር፤ አፏን ስንይዝባት ኖረናል» አለ። እናኑ ተነሥታ መሐል ላይ ቆመች። ግራ እጇን ዘረጋች።

«አባቴ አለነ ነው» አለች። «አለነ የካሳ።»

አቶ ቢተው አቀርቅረው ሲሰሙ የነበሩት ቀና አሉ።

«አለነ ካሳ ነው ያልሽ?»

«አዎ አባቴ።»

«ቀጥይ።» ድምፃቸው ተለውጧል።

«ካሳ የወንዴ። ወንዴ የጓንጉል…»

እዚህ ላይ የሽማግሌው ድምፅ ከእሷ ድምፅ ጋር ገጠመ። «ጓንጉል የቸኮል፣ ቸኮል የዘገየ፣ ዘገየ የውብነህ» ብለው ሁለቱ አብረው፣ እሷ ቆማ እሳቸው ተቀምጠው፣ አንድም ሳይቀዳደሙ ጨረሱት። እንዲህ ያለ ነገር በችሎት ዘመኔ ሁሉ ሰምቼ አላውቅም። አንደኛው የደብረ ወርቅ መነኩሴ ከምጥ ላይ የተቀበሉት፣ ሌላው ሞጣ ላይ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ፣ አንድም ፊደል ያልነካው ቆጠራ ነው።

«ጓንጉል የኔም አያት ነው» አሉ አቶ ቢተው። «ካሳ የአጎቴ ልጅ ነው። አለነን በዚህ ትከሻዬ አዝዬዋለሁ። በቅሎ ጭኖ ወረደ፤ አልተመለሰም። ሬሳውን ሳናይ ተዝካሩን አወጣን። ዘር ሳይተካ ቀረ ብለን ነው ያለቀስን።» አንጓቸውን ቆጠሩ፤ መቁጠር ባያስፈልጋቸውም። «አራተኛ ቤት ነው። አይሆንም ልጄ። ጋብቻው አይሆንም።»

እናኑ አልተንቀሳቀሰችም። እንባዋ ግን ወረደ። ይታየው ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። እኔ ያን መስመር በጊዜው አስሞልቼው ቢሆን እነዚህ ሁለት ልጆች በወንድምና በእህትነት ባደጉ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ቀንም ባልመጣባቸው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ የሚፍቀውም የለም። ሆኖም ያን ቀን ልቤን የሞላው ጸጸት ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። የሞተች ሴት ድምፅ እዚያ ቤት ሲገባ የሰማሁ መሰለኝ።

አቶ ቢተው ምርኩዛቸውን ተደግፈው እጃቸውን ዘረጉ።

«ምነው እዚያ ማዶ ቆምሽ?» አሏት። «ወዲህ ነይ እንጂ። ከወገኖችሽ ጋር ተቀመጪ።»

እናኑ አቶ ሙሉነህን አየችው። እሱም እያለቀሰ ራሱን ነቀነቀላት። ሦስት እርምጃ ነው የሚሆነው፤ ተሻገረች። መደቡ ግን ሞልቶ ስለነበር ቦታ አልነበረም። ይታየው ጋቢውን ከፊቱ ገለጠና ተነሥቶ የራሱን ቦታ ለቀቀላት።